ዕውቀት ልግስና ነው ወይስ ዕዳ? ስለ ኮሌጆችና ስለ አካባቢ ማኅበራት አብሮ መሥራት

«አቅም ግንባታ» የሚለው አነጋገር በአገራችን የሥራ ቋንቋ ከገባ ብዙ ዘመን አልሆነውም፤ ያልደረሰበት ቦታ ግን የለም። እ.ኤ.አ. በ2001 በስሙ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት እስከ መቋቋም ደርሶ ነበር፤ መሥሪያ ቤቱ በ2010 ቢቀርም ቃሉ ግን አልቀረም። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውልልን።) አንድ የሴቶች ማኅበር፣ አንድ እድር ወይም አንድ የወጣቶች ክበብ ከሌላ ድርጅት ረድኤት ሲሻ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚነገረው «አቅማችሁ መገንባት አለበት» የሚል ነው። ገንቢው ማን እንደሆነ ሲጠየቅም ጣት ወደ ኮሌጁና ወደ ዩኒቨርሲቲው ይጠቁማል። እውነትም በዚያ ሒሳብ የሚያውቅ አለ፤ ሕግ የሚያውቅ አለ፤ ማጥናትና መጻፍ የሚያውቅ አለ። በዚህ በኩል ደግሞ ይህ ሁሉ የሚጐድለው፣ ችግሩን ግን ከማንም ይልቅ ጠንቅቆ የሚያውቅ ማኅበር ተቀምጧል። ሁለቱ ቢገናኙ መልካም መሆኑን የሚክድ የለም።

እኛን የሚያሳስበን ግንኙነቱ በምን መሠረት ላይ መቆም እንዳለበት ነው። የተማረው ሰው ወደ ጎረቤቱ ማኅበር የሚሄደው ከተረፈው ሊሰጥ ነው ወይስ ያለበትን ሊከፍል? ነገሩ የቃላት ጨዋታ የሚመስለው አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ሰጪና ባለ ዕዳ በአንድ መንገድ ቢሄዱም፣ በእጃቸው የያዙትም አንድ ቢሆን፣ አኳኋናቸው ፈጽሞ የተለያየ ነው። ሰጪ የሚሰጠውን መጠን፣ ቀኑንና ቦታውን ራሱ ይወስናል፤ ምስጋናም ይጠብቃል፤ ተቀባዩ «ይህ አይጠቅመኝም» ቢለው እንደ ነውር ይቈጥርበታል። ባለ ዕዳ ግን ይህ ሁሉ መብት የለውም። ወደ ባለ ገንዘቡ ደጅ ሄዶ የተባለውን ያህል ቈጥሮ ያስረክባል፤ ተቀባዩም ቈጥሮ ይረከባል፤ ከጐደለም «ጐድሏል» ይላል። ማንም አይቀየምም።

በእኛ አሳብ ዕውቀት ዕዳ ነው። አንደኛው ምክንያት ለማንም የተሰወረ አይደለም። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቻችን የተሠሩትና የሚተዳደሩት በሕዝብ ገንዘብ ነው። ተማሪው ከተመረቀ በኋላ የሚከፍለው የወጪ መጋራት ድርሻ ቢኖርም፣ አብዛኛውን ወጪ የሸፈነው ግን በደጃፉ ያላለፈው፣ በገበያ ጨውና ሳሙና ሲገዛ ቀረጥ የከፈለው ድኻ ነው። ሁለተኛው ምክንያት ግን ከዚህ የጠለቀ ይመስለናል። ዕውቀቱ ራሱ ከሕዝብ የተወሰደ ነው። ሐኪሙ ሙያውን የተማረው በመንግሥት ሆስፒታል አልጋ ላይ በተኙ ድኾች ሕመም ነው። የግብርና ተመራማሪው የመመረቂያ ጽሑፉን የጻፈው ሞፈሩን አቁሞ ጥያቄውን በመለሰለት ገበሬ ቃል ነው። በግል ወይም በቤተ ክርስቲያን ኮሌጅ የተማረ ሰው ከመጀመሪያው ምክንያት ያመልጥ ይሆናል እንጂ ከሁለተኛው አያመልጥም።

ይህ አሳብ በተግባር ሲውል ምን እንደሚመስል ለማየት ጥቂት ራቅ ብለን የአንድ የሀገረ ስብከት ኮሌጅ ታሪክ እንመልከት። በካናዳ ምሥራቃዊ ጠረፍ፣ በኖቫ ስኮሺያ ግዛት፣ አንቲጎኒሽ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። በዚያ የሚገኘው የቅዱስ ፍራንሲስ ዛቪየር ዩኒቨርሲቲ መሠረቱ የተጣለው በ1853 ነው። አካባቢው በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የዓሣ አጥማጆች፣ የገበሬዎችና የድንጋይ ከሰል ቈፋሪዎች አገር ነበር። ዓሣ አጥማጁ ለሥራው የሚያስፈልገውን ዕቃ ከነጋዴው በዱቤ ይወስዳል፤ ያጠመደውንም ነጋዴው በተመነለት ዋጋ ለዚያው ነጋዴ ያስረክባል፤ ሒሳቡ ሲተሳሰብ ብዙ ጊዜ ዕዳው ይበልጣል። የተማሩ ልጆች ደግሞ ሥራ ፍለጋ ወደ ቦስተንና ወደ ሌሎች ከተሞች ይሰደዱ ነበር። ኮሌጁ ሳያስበው የመንደሩን ብልህ ልጆች መርጦ የሚያስወጣ በር ሆኖ ነበር ማለት ይቻላል። ይህን ስናነብ ስለ ሌላ አገር የምናነብ መሆናችንን ለአፍታ እንዘነጋለን።

የኮሌጁ ምክትል ኃላፊ የነበሩት አባ ጀምስ ቶምፕኪንስ በ1921 ባሳተሙት ትንሽ መጽሐፍ ዕውቀት በኮሌጅ አጥር ሊታገድ የማይገባው የሕዝብ ሀብት መሆኑን አስረዱ። በዚያው ዓመት ከገጠር ለመጡ ጐልማሶች የሕዝብ ትምህርት ቤት በኮሌጁ ተከፈተ። ብዙም ሳይቆይ ግን አባ ቶምፕኪንስ የግዛቲቱ ኮሌጆች በአንድ ዩኒቨርሲቲ ሥር ይጠቃለሉ የሚለውን አሳብ በመደገፋቸው ከጳጳሳቸው ጋር ባለመስማማታቸው በ1922 መጨረሻ ካንሶ ወደምትባል ድኻ የዓሣ አጥማጆች ቁምስና ተላኩ። ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት አልፎ ነበር። ብዙዎች ዝውውሩን እንደ ግዞት ቈጥረውታል። እሳቸው ግን በየደጁ እየዞሩ መጽሐፍና በራሪ ጽሑፍ ያድሉ፣ ዓሣ አጥማጁንም «ስለ ዓሣ ዋጋ ምን ታውቃለህ? ማን ይወስነዋል?» እያሉ ይጠይቁ ጀመር። ሐምሌ 1 ቀን 1927 ካናዳ አንድ መንግሥት የሆነችበት 60ኛ ዓመት ሲከበር የካንሶ ዓሣ አጥማጆች ተሰብስበው እነሱ የሚደሰቱበት ነገር እንደሌለ በአደባባይ ተናገሩ። ጩኸታቸው በሌሎች ካህናትና በጋዜጦች ተደግፎ መንግሥት ስለ ዓሣ ሥራ የሚመረምር ኮሚሽን እንዲያቋቁም አደረገ።

በኮሚሽኑ ፊት ቀርበው ከመሰከሩት አንዱ የአባ ቶምፕኪንስ ዘመድ፣ በዚያው ኮሌጅ መምህር የነበሩት አባ ሞሰስ ኮዲ ናቸው። በ1928 ዩኒቨርሲቲው ከግቢ ውጭ ላለው ሕዝብ የሚያገለግል ክፍል ሲያቋቁም ኃላፊነቱን የተቀበሉት እሳቸው ነበሩ። በ1930ም የባሕር ዳርቻው ዓሣ አጥማጆች በአንድ ኅብረት እንዲደራጁ ረዱ።

አሠራራቸው ልብ ሊባል የሚገባው ነው። ከኮሌጁ የሚላከው ሰው በመጀመሪያ በመንደሩ አዳራሽ ወይም በትምህርት ቤቱ ስብሰባ ይጠራል። ንግግር ያደርጋል፤ ነገር ግን ንግግሩ መልስ ለመስጠት ሳይሆን ሰው ሁሉ በልቡ የያዘውን ጥያቄ ወደ አደባባይ ለማውጣት ነው። ከዚያ በኋላ ጥቂት ጥቂት ጎረቤታሞች እየሆኑ በየቤታቸው፣ በማድ ቤታቸው ሳይቀር፣ የጥናት ክበብ ያቋቁማሉ። ኮሌጁ መጽሐፍና በቀላል ቋንቋ የተጻፈ ወረቀት ይልካል፤ የክበቡን መሪ ያሠለጥናል፤ ማንበብ የማይችል ቢኖር ሌላው ያነብለታል። በየሳምንቱ የሚጠና ትምህርት ሁልጊዜ ወደ አንድ ሥራ የሚያመራ መሆን ነበረበት። ስለ ገንዘብ ያጠኑት የቁጠባና ብድር ማኅበር ያቋቁማሉ፤ ስለ ንግድ ያጠኑት የኅብረት ሱቅ ይከፍታሉ። በሠላሳዎቹ ዓመታት መጨረሻ የክበቦቹ ቍጥር ከ1,000 በላይ ደርሶ ነበር። የቅድስት ማርታ እኅቶች ማኅበር ደናግል በቤተ መጻሕፍቱና በሴቶች ክበባት ያደረጉት ድካም በታሪክ ከሚወሳው እጅግ የሚበልጥ መሆኑንም እግረ መንገዳችንን እንጥቀስ።

በካንሶ አጠገብ የምትገኘው ሊትል ዶቨር የተባለች መንደር በዚያ ጠረፍ ከነበሩት ድኻ መንደሮች ሁሉ ድኻ ነበረች ይባላል። ነዋሪዎቿ ሎብስተር የተባለውን የባሕር ፍጥረት እያጠመዱ ለሌላ ሰው ፋብሪካ ያስረክቡ ነበር። ካጠኑና ከተወያዩ በኋላ የራሳቸውን ማሸጊያ ፋብሪካ ለማቆም ወሰኑ። እንጨቱን ራሳቸው ከጫካ ቈረጡ፤ ሕንጻውንም በገዛ እጃቸው ሠሩ፤ ለመሣሪያ የሚሆነውን ገንዘብ ተበደሩ። እንጨት መቍረጥ ድሮም ያውቁ ነበር። ያላወቁት ሎብስተሩ ታሽጎ ከወጣ በኋላ የት እንደሚሸጥ፣ በስንት እንደሚሸጥና ከዚያ ውስጥ ለእነሱ ስንት እንደሚደርስ ነበር። ነጋዴውን ጌታቸው ያደረገው ይህ አለማወቃቸው ነው። ኮሌጁም የከፈላቸው ዕዳ ይኸው ነው፤ ገንዘብ አልሰጣቸውም፤ ፋብሪካም አልሠራላቸውም።

ኋላም አባ ቶምፕኪንስ በ1935 ሪዘርቭ ማይንስ ወደሚባል የከሰል ቈፋሪዎች ቁምስና ሲዛወሩ በዚያ ያሉ ሠራተኞች በኅብረት ቤት ለመሥራት ተነሡ። አስቀድመው ስለ ቤት ወጪ፣ ስለ መሬትና ስለ ብድር ብዙ ጊዜ አጥንተው በ1938 ገደማ 11 ቤቶች ሠሩ። መንደሩ በእሳቸው ስም ቶምፕኪንስቪል ተባለ።

ስለ ማኅበራዊ ፍትሕ የሚያስተምረውና ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ በ1931 የጻፉት «ኳድራጀሲሞ አኖ» የተባለው መልእክት የወጣው በዚሁ ዘመን ነው። በመልእክቱ ውስጥ ታናሹ ማኅበር ራሱ ሊፈጽመው የሚችለውን ሥራ ታላቁ አካል ነጥቆ እንዳይወስድበት የሚያዝ ደንብ አለ። ደንቡ በአብዛኛው ስለ መንግሥት ሲጠቀስ እንሰማለን። ነገር ግን በቅን ልቡና ስለሚረዱን ታላላቅ ተቋማትም፣ ከእነሱም ውስጥ ስለ ኮሌጆች፣ እኩል የሚናገር መሆኑን ማስታወስ ተገቢ ነው። ረዳቱ ቸር በሆነ መጠን የተነጠቀው ሰው መነጠቁን የሚያስተውለው ዘግይቶ ነውና።

የአንቲጎኒሽ ነገር እንከን የሌለበት አልነበረም። ነጋዴዎች አልወደዱትም፤ ኮሌጁም የሁሉን ወዳጅነት ሊጠብቅ አልቻለም። የሁሉ ወዳጅ ሆኖ ለመኖር የሚፈልግ ኮሌጅ ይህን ዓይነቱን ዕዳ መክፈል አይሆንለትም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ ንቅናቄው የቀደመውን ግለት አላገኘም። ሱቆቹና የብድር ማኅበራቱ ሲያድጉ በየማድ ቤቱ ይደረግ የነበረው ጥናት እየሳሳ ሄደ። ይህን ከታሪኩ ሁሉ የሚያሳዝን ክፍል አድርገን እንቈጥረዋለን፤ ሱቁ የቆመው ክበቡ ስለነበረ ነውና።

ከዚያ ጠረፍ ወደ አገራችን የሚያደርስ ቀጥተኛ መንገድም አለ። አባ ኮዲ በ1959 ሲያርፉ በዚያው ዓመት በስማቸው ዓለም አቀፍ የትምህርት ተቋም በዩኒቨርሲቲው ተቋቋመ፤ ከብዙ አገሮችም የልማት ሠራተኞች በዚያ ተምረዋል። ከ2003 ጀምሮ ይህ ተቋም ከኦክስፋም ካናዳና ከኢትዮጵያ አገር በቀል ድርጅቶች ጋር በመተባበር፣ የጐደለውን በመቍጠር ሳይሆን ሕዝቡ ያለውን በመቍጠር የሚጀምር የልማት አሠራር በልዩ ልዩ ወረዳዎች ሞክሯል። ከመሣሪያዎቹ አንዱ «የሚያፈስ ባልዲ» ይባላል። መንደርተኛው ባልዲ ይሥላል፤ ከላይ ወደ ባልዲው የሚገባውን ገቢ ሁሉ፣ ከታች ደግሞ የሚያፈስበትን ወጪ ሁሉ ያመለክታል። ገቢው ከእህል፣ ከከብት፣ ከቀን ሥራ ሊሆን ይችላል፤ የሚያፈሰውም ለዘይት፣ ለሳሙና፣ ለድግስ፣ ለመጠጥ። ከዚያም የትኛው ቀዳዳ ሊደፈን እንደሚችል ይመካከራል። ፊደል ያልቈጠረም ሊያነበው ይችላል። የሚደንቀው የባልዲው ሥዕል ብልሃት አይደለም፤ አንድ ጊዜ ካዩት በኋላ ለመሣል ባለሙያ መጥራት አለማስፈለጉ ነው።

እኛም በበኩላችን ሙከራ አጥተን አናውቅም። በ1964 የተጀመረው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በክፍለ ሀገር እንዲያገለግል ያስገድድ ነበር፤ አብዛኞቹም አስተማሪ ሆነው ሄዱ። ያገለገሉት ሰዎች ራሳቸው ከሕዝቡ የበለጠ እንደተማሩ ሲናገሩ እንሰማለን። በ1974 መጨረሻ የታወጀው የእድገት በኅብረት ዘመቻ ከ50,000 በላይ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር አወጣ። መሠረተ ትምህርት አስተማሩ፤ ገበሬውንም በማኅበር አደራጁ። ነገር ግን ጥያቄውም መልሱም ከላይ የወረደ፣ ዘማቹም ወዶ ያልሄደበት ስለነበር ያ ሁሉ የወጣትነት እሳት ምን ያህል ለመንደሩ እንደተረፈ እስከ ዛሬ የሚያከራክር ነው። በ1983 የተመሠረተው የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት፣ የኋላው ጅማ ዩኒቨርሲቲ፣ ትምህርቱን በኅብረተሰቡ መካከል እንዲሰጥ አድርጎ መነሣቱ ሌላ መልካም ፈር ነው። የ2009 እና የ2019 የከፍተኛ ትምህርት አዋጆችም ከማስተማርና ከመመራመር ጋር የማኅበረሰብ አገልግሎትን የዩኒቨርሲቲዎች ግዴታ አድርገው ደንግገዋል። ሕጉ እንግዲህ ከእኛ አሳብ ጋር ነው ማለት ይቻላል፤ ግዴታ ማለት ዕዳ ነውና።

ጥያቄው ዕዳው የሚከፈለው በምን ዓይነት ገንዘብ ነው የሚለው ነው። ቁምስናዎቻችንን የሚያውቅ ሁሉ ሊመሰክር እንደሚችለው፣ ከኮሌጅ ወደ ማኅበር የሚመጣው ብዙውን ጊዜ መጠይቅ ነው። ተማሪው ወረቀቱን ይዞ ይመጣል፤ እናቶችን ሰብስቦ ስንት ልጅ እንዳላቸው፣ ስንት ብር እንደሚያገኙ ይጠይቃል፤ አመስግኖ ይሄዳል። ጥናቱ በእንግሊዝኛ ተጽፎ በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ የተጠየቁት ሰዎች ስለ ራሳቸው የተጻፈውን አንድም ቀን አያዩትም። ይህ አዲስ ብድር እንጂ የዕዳ ክፍያ አይደለም። ሌላው የሚመጣው ሥልጠና ነው። ሦስት ቀን በሆቴል አዳራሽ ይካሄዳል፤ አበል ይከፈላል፤ የምስክር ወረቀት ይሰጣል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል። ሥልጠናውን ሁሉ ለመንቀፍ አይደለም፤ የሚረባም አለ። ሆኖም ከማኅበሩ ማን ይሠልጥን፣ በምን ይሠልጥን የሚለውን ማኅበሩ ካልወሰነ፣ የምስክር ወረቀቱ በግድግዳ ላይ ሲሰቀል የገንዘብ መዝገቡ እንደነበረ ይቀራል።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሣል፤ ተቃውሞውም ቀላል አይደለም። «ሕዝቡ ሁሉን ያውቃል፤ የተማረው ዝም ብሎ ይስማ» ማለት ትሕትና ቢመስልም ሽንገላ ነው። እድሮቻችን ምን ያህል የተከበሩ እንደሆኑ እናውቃለን። በኤድስ ወረርሽኝ ብርቱ ዓመታት ከቀብር ሥርዐት አልፈው ሕሙማንን የረዱ፣ ወላጅ ያጡ ልጆችን የደገፉ እድሮች እንደነበሩ አይዘነጋም። ይሁን እንጂ ለብዙ ዓመት ሳይመረጥ በወንበሩ የሚቀመጥ ዳኛ፣ ሒሳብ ሲጠየቅ የሚቈጣ ገንዘብ ያዥ፣ ሴቶች መዋጮ የሚያዋጡበት ግን ድምፅ የማይሰጡበት ማኅበርም አለ። ወደዚህ ማኅበር የሚመጣ የሕግ ወይም የሒሳብ ተማሪ ያየውን አለመናገሩ ዕዳውን መካድ ነው። አባ ቶምፕኪንስ ለካንሶ ሰዎች «ብልሆች ናችሁ» ብለው አልተዉአቸውም፤ የማያውቁትን እንደማያውቁ ነግረዋቸዋል። ልዩነቱ ከነገሯቸው በኋላ አብረዋቸው መቀመጣቸው ነው። እውነትን ተናግሮ በማግሥቱ የሚሄድ ሰው ዳኛ ነው፤ ተናግሮ የሚቀመጥ ሰው ግን ጎረቤት ነው።

መቀመጥ ደግሞ ከኮሌጅ የሥራ ዘመን ጋር አይስማማም። ኮሌጁ በመንፈቅ ይቈጥራል፤ ማኅበሩ በዓመትና በትውልድ ይቈጥራል። ተማሪው ሥራውን ሊያውቀው ሲጀምር ፈተና ይደርሳል፤ የሚቀጥለው ተማሪ ደግሞ ከሀ ይጀምራል። ማኅበሩ በየመንፈቁ ታሪኩን አዲስ ለሚመጣ ልጅ ሲተርክ ይኖራል። መፍትሔው ከተማሪው ሳይሆን ከመምህሩ መጀመር ያለበት ይመስለናል። አንድ መምህር ለአምስት ለስድስት ዓመት ከአንድ ማኅበር ጋር ቢተዋወቅ፣ ተማሪዎቹ ቢለዋወጡም ትውውቁ አይቋረጥም።

የገንዘቡም ነገር አለ። በ2019 የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቍጥር 1113 የአንድ ድርጅት የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢው ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ደነገገ፤ ለጋሾችም ከዚህ ባላነሰ ለጽሕፈት ቤት ሥራ መክፈል አይወዱም። ሁሉም ለሕፃኑ ምሳ መስጠት ይፈልጋል፤ የሕፃኑን ምሳ ሒሳብ ለምትጽፈው ሴት ግን ማንም ደመወዝ መክፈል አይሻም። ስለዚህም ነው ከኮሌጅ የሚገኝ አንድ የሒሳብ ወይም የጽሕፈት እርዳታ ለትንሽ ማኅበር ከገንዘብ ስጦታ የሚበልጥበት ጊዜ የሚኖረው፤ ስለዚህም ነው እርዳታው ሲበላሽ ጉዳቱ የሚከብደው።

በአንድ ቁምስና የማውቀው የእናቶች የቁጠባ ማኅበር አለ። ገንዘብ ያዧ አራተኛ ክፍል ሳይጨርሱ ትምህርት ያቋረጡ ሴት ናቸው፤ መዝገባቸውም ተራ የተማሪ ደብተር ነበር። ለእያንዳንዷ አባል አንድ ገጽ ሰጥተው፣ በጊዜው ላልከፈለች ነጥብ፣ በሕመም ለቀረች መስቀል፣ ብድር ለወሰደች ክብ ያደርጉ ነበር። ስብሰባ ላይ ማንኛዋም አባል «የእኔ ስንት ደረሰ?» ብትላቸው ገጹን ገልጠው ወዲያው ይመልሳሉ። ከአንድ ኮሌጅ የመጣ፣ ልቡ ቅን የሆነ፣ ታታሪ ተማሪ ይህን ሁሉ ወደ ኮምፒዩተር አስገባው። ኤክሴል በተባለው ፕሮግራም የተሠራውና በቀለም ያሸበረቀው ሪፖርት ታትሞ ሲወጣ ሁሉም ተደነቁ፤ የሚረዳቸው ድርጅትም አመሰገነ። ተማሪው ተመርቆ ሄደ። ለማኅበሩ የቀረው አንድ ፍላሽ ዲስክ ነበር፤ የሚከፍተው ሰው አልነበረም። ደብተሩም ለሰባት ወር ሳይጻፍበት ቈይቶ ነበር። በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ አንዲት አባል እንደ ልማዷ «እትዬ፣ የእኔ ስንት ደረሰ?» ብላ ስትጠይቅ ገንዘብ ያዧ መልስ አጡ።

ከእነዚያ እናቶች መካከል የልጅ መታከሚያ፣ የቤት ክዳን መግዣ ያጠራቀሙ ነበሩ። ከብሩ አንድም ሳንቲም አልጐደለም፤ ሆኖም ያ ዝምታ በአዳራሹ ውስጥ ምን እንደፈጠረ መናገር አያስፈልግም። ለአሥራ አንድ ዓመት በታማኝነታቸው የታወቁት ሴት ቀና ብለው ማየት አልቻሉም። ከዚያ በኋላ ሦስት ሆነው፣ ደረሰኙን በየቀኑ እየደረደሩ፣ የጠፋውን ከአባላቱ ትዝታ እየለቀሙ፣ ሰባቱን ወር በደብተሩ ላይ እንደገና ጻፉት። ብዙ ምሽት ፈጀባቸው።

ከአንድ ዓመት በኋላ ሌላ ኮሌጅ ተማሪ ለመላክ ሲጠይቅ ማኅበሩ ተከራከረ። አንዳንዶቹ «ይቅርብን» አሉ። ገንዘብ ያዧ ግን አልከለከሉም፤ «ይምጣ፤ ነገር ግን እሱ ይቀመጥ፣ እኔ ልጻፍ» አሉ። ተማሪው መጣ፤ በየሳምንቱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አጠገባቸው ተቀመጠ። ወር በወር ጠቅላላውን ወደ ታችም ወደ ጐንም ደምሮ ሁለቱ ድምሮች እኩል መምጣታቸውን ማየት እንደሚገባ አሳያቸው፤ ስሕተት ያለበትን ገጽ በዚህ ያገኙታል። ነጥቡን፣ መስቀሉንና ክቡን አልነካባቸውም፤ ይልቁንም ምልክቶቹ ምን ማለት እንደሆኑ በደብተሩ መጀመሪያ ገጽ ላይ እንዲጽፉ ጠየቃቸው፤ ሌላ ሰው በእሳቸው ቦታ ቢተካ እንዲያነበው። አንድ ተጨማሪ ሴትም አብራ እንድትማር አደረጉ።

የተማሪው መምህር በመንፈቁ መጨረሻ ለውጤት የሚሞላውን ቅጽ ይዞ ወደ ቁምስናው መጣ። ከቅጹ ጥያቄዎች አንዱ «ተማሪው ያዘጋጀው ሰነድ» የሚል ነበር። ደብተሩን ገልጠው አሳዩት። ጽሑፉ ሁሉ በገንዘብ ያዧ እጅ የተጻፈ ነበር። መምህሩ ጥቂት ገጾች አገላብጦ፣ አንዱን ድምር በልቡ ደምሮ፣ ትክክል መሆኑን አየ። ከዚያም ያንን መስመር ምን ብሎ እንደሚሞላው ለክፍሉ ኃላፊ ሊጠይቅ ቅጹን እንደያዘ ተመለሰ።